የሃጂራ አጨዋወት

ጎንደር፣ አራዳ
ጥቅምት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜ ጃቢር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? የጀርመን ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሱቁም ቢሆን የዕለቱን አላጣም፤ የአራዳ ሰው ልብስ መልበሱን እስካልተወ ድረስ ጨርቅ ይሸጣል። ወንድምህ አብዱልመናን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ካለፈ ወዲህ እኔንም ልጁን ሃጂራንም አንድ ቀን ረስተኸን አታውቅምና ውለታህን አላህ ይክፈልህ።

የላክኸው ራኬት ደርሶናል። ሃጂራ ለሰላትና ለትምህርት ካልሆነ ከእጇ አታስቀምጠውም።

ባለፈው እሑድ ስትጫወት ሄጄ አየኋት። እስከዛሬ አልሄድኩም ነበር። «ሴት ልጅሽን ሜዳ ለቀቅሻት» የሚለኝ ዘመድ ብዙ ነው። ሱሪዋ ሰፊ፣ ሻሿ ጥብቅ ነው እያልኩ አፋቸውን ሳስይዝ ከረምኩና፣ እስቲ የምሟገትለትን ነገር በዐይኔ ልየው ብዬ ሄድኩ። ጣሊያን ትቶት የሄደውን አሮጌ የቴኒስ ሜዳ ታስታውሰዋለህ፤ ያው ነው፣ ስንጥቁ ብቻ ጨምሯል።

የተጫወተችው ዝናሽ ከምትባል ልጅ ጋር ነው። አባቷ ድብ ባሕር ገጠር ውስጥ ገበሬ ነው፤ ለትምህርት እዚህ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ቁመቷም ክንዷም የጎበዝ ነው። ኳሱን ስትመታው እንደ ጥይት ይጮኻል። የእኛዋ ግን፣ ጃቢር፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ ኳሷን አትመታትም። ታስቀምጣታለች። ቀስ አድርጋ፣ ከፍ አድርጋ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ። ቆሞ የሚያየው ሰው ሳቀ። አንዱማ «ይህች ልጅ ቁርስ አልበላችም እንዴ?» አለ። አፍሬ ልሄድ ስነሣ ዝናሽ ራኬቷን መሬት ላይ ስትወረውር አየሁ። እሷ በላብ ታጥባለች፤ የእኛዋ ሻሽ እንኳ አልተነቃነቀም። መጨረሻ ላይ ያሸነፈችው ሃጂራ ነች።

አሰልጣኛቸውን አያ አስማረን ታውቀዋለህ። «ልጅሽ ሸጋ ጭንቅላት አላት» አለኝ። እኔ ግን አልገባኝም። ይህ ዕድል ነው ወይስ ችሎታ? እኔ ጨርቅ በጣቴ ዳስሼ ጥሩውን ከመጥፎው እለያለሁ። የቴኒስ ተጫዋች በምን ይለያል? ሥራህ ነውና ንገረኝ፤ ሄጄ ልይ። ሌላ የምጠይቅህ የለም። ቢመችህ ኳስ ብቻ፤ የዚህ አገሩ ኳስ ጠጉሩ አልቆ ራሰ በራ ሆኗል።

አላህ ሳትታመም ሳትቸገር ለዐይናችን ያብቃህ።

የወንድምህ ሚስት፣ ሸምሲያ


ፍራይቡርግ፣ ጀርመን
ኅዳር 30 ቀን 1989 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ሸምሲያ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በረዶ በሚጥልበት ቀን ነው፤ ካነበብኩት በኋላ ብርዱን ረሳሁት። እኔ በአላህ ፈቃድ ጤነኛ ነኝ። ክለቡ ውስጥ አሁን ሜዳ ከማስተካከል ሌላ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን እንድመዝን ሰጥተውኛል። ማን ይቀጥል፣ ማን ይቅር የሚለውን ከዋናው አሰልጣኝ ጋር ሆኜ እወስናለሁ።

በምን ይለያል ብለሽ ጠየቅሽኝ። መጀመሪያ ኳሱን አትከተዪ። ሰው የሚስቀው ኳሱን ስለሚያይ ነው። አንቺ እግሯን እዪ። መትታ ስትጨርስ የት ነው የምትቆመው? የምትንቀሳቀሰው ኳሱ ከመምጣቱ በፊት ነው ወይስ ከመጣ በኋላ? ደግሞ ተጋጣሚዋን እዪ፤ የቱ ጎኗ ነው የሚከብዳት? ሃጂራስ ያንን ጎን አውቃው ነው የምትልክበት ወይስ እንዲሁ ሲገጥማት? ከሁሉ በላይ ግን ነጥባቸው እኩል ሆኖ ሲጨንቃት ጠብቂያት። ያኔ ሁሉም ሰው ተደብቆ የሚገባበት አንድ ምት አለው። የሷ የትኛው ነው?

ይህን አይተሽ ጻፊልኝ። ከተቻለም አንድ ሰው በቪዲዮ ያንሣትና ካሴቱን ላኪልኝ። ኳስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። የወንድሜ ልጅ ቴኒስ ተጫዋች ሆነች ማለት ለእኔ ምን እንደሆነ በወረቀት አልችለውም። እኔ እሷን ሳቅፍ ገና ጥርስ አልነበራትም።

ሰላማችሁ ይብዛ።

ጃቢር


ጎንደር
የካቲት 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጃቢር፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ረመዳንን በሰላም ጾመን ዒድን በሰላም ዋልን፤ እንኳን አብሮ አደረሰን። የዘገየሁት አይቼ ልጻፍልህ ብዬ ነው።

እንዳልከኝ እግሯን አየሁ። ሰው ሁሉ አንገቱን ግራና ቀኝ ሲያመላልስ እኔ አንድ ቦታ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ፤ «ሸምሲያን ምን ነካት?» ሳይሉ አልቀሩም። ሃጂራ ከመታች በኋላ ወደ መሃል ትመለሳለች። ግን ልክ መሃሉ ላይ አትቆምም፤ ኳሱ ይመጣል ብላ ወዳሰበችበት ትንሽ ታደላለች። አብዛኛውን ጊዜም እዚያው ይመጣላታል። ዝናሽ የምትሮጠው ከመጣ በኋላ ነው፤ ፈጣን ስለሆነች ትደርስበታለች እንጂ።

ዝናሽ በቀኟ የመጣላትን ታደቅቀዋለች። በግራዋ በኩል ከፍ ብሎ ከመጣ ግን ክንዷ ይታሰርና ኳሷ ታጥራለች። ሃጂራ ይህን ታውቃለች። ታዲያ ቶሎ ወደዚያ አትልክባትም። መጀመሪያ በቀኟ ትሰጣታለች፣ ደስ እንዲላት። ደስ ብሏት ወደ ቀኝ እየተጠጋች ስትመጣ ያቺን ከፍ ያለች ኳስ በግራዋ ትጥልባታለች። ሲጨንቃት የምትደበቅባት ምትም ይህችው ነች።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ምነው አንቺስ ጠንክረሽ አትመቺም?» አልኳት።

«እማዬ፣ ጠንክሬ ስመታ ጉልበቴን ተቀብላ በሱው መልሳ ትመታኛለች» አለች። «ቀስ ስል የምትቀበለው ነገር የላትም።»

አባቷም ገበያ ላይ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ነበር የሚረታው።

ሠርግ የሚያነሣው ጎረቤታችን ቀርጿት ካሴቱን ለሕክምና ወደዚያ በምትሄደው በዘመዳችን በሰልማ እጅ ልኬልሃለሁ። ባሕር ዳር ሄደውም ከክልሉ ወጣቶች አንደኛ ወጥታለች፤ ዝናሽ ሁለተኛ። አያ አስማረ «አትንኳት፣ እንዳለች ትሂድ» ይላል። አንተስ ምን ትላለህ?

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ።

ሸምሲያ


ፍራይቡርግ
ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣

ሰላምና ጤና ለእናንተ ይሁን። ካሴቱን ከዋናው አሰልጣኝ ጋር አየነው። ስትጫወት እያየ «ይህች ልጅ ቼዝ ነው የምትጫወተው» አለ። ኩራቴን አትጠይቂኝ። ቀጥሎ ግን ሰርቪሷን ደጋግሞ አየ። ሰርቪስ ማለት ኳሷን ወደ ላይ ወርውራ ጨዋታውን የምትጀምርበት ምት ነው። «በዚህ ሰርቪስ የትም አትደርስም» አለ። «የእኛ ልጆች ገና ሳትጀምር ይጨርሷታል።»

እውነቱን ነው። ጎንደር ውስጥ በብልሃት ማሸነፍ ይቻላል፤ እዚህ ግን ብልሃቱን የምታሳዪበት ጊዜ አይሰጡሽም። ስለዚህ እንዲህ ይሁን። ክለባችን በሚመጣው ዓመት ክረምት ከሌሎች አገሮች ጥቂት ወጣቶችን ጋብዞ ያሰለጥናል። የተወደደች እዚህ ትቆያለች፤ ትምህርቷንም እዚሁ ትማራለች። ሃጂራን ማስገባት እችላለሁ፤ ሰርቪሷ ከተለወጠ ብቻ። ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘርግታ፣ ከላይ፣ ባላት ጉልበት ትምታ። በየቀኑ። ኳሱን ማስቀመጡን ትተወውና ወደ ፊት ገብታ ትጨርስ። አሠራሩን በሥዕል የሚያሳይ መጽሐፍ ልኬያለሁ፤ ለአያ አስማረ ስጪው፤ እንዳያባብላት ንገሪው።

እኔ በሷ ዕድሜ ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ዛሬ የሰው ሜዳ አላስተካክልም ነበር።

በርቱ።

ጃቢር


ጎንደር
ነሐሴ 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እዚህ ክረምቱ ከብዷል፤ ሜዳው የሚደርቀው ከሰዓት በኋላ ለትንሽ ጊዜ ነው። ሃጂራ እሱንም አታሳልፈውም።

አያ አስማረ መጽሐፉን ገለባብጦ አየና፣ «እኔ ብሆን ያላትን አልነካባትም ነበር» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ግን የአውሮፓ ሰው ያውቃል» አለና ጀመረ። ሰርቪሷ አሁን ድምፅ አለው። የሚስቅባት የለም፤ ያጨበጭቡላታል። እኔም ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ።

ከዝናሽ ጋር ስትገጥም ግን ተሸነፈች። የሚገርመው ደግሞ አንተ ያልካትን ሁሉ አድርጋ ነው የተሸነፈችው። ዝናሽ ጠንካራ ኳስ ሲመጣላት ፊቷ ይበራል። ቀስ ያለችዋን ኳስ ስፈልጋት አላየኋትም። «ምነው ያቺን ተውሻት?» ብላት «አጎቴ ትቻት እንድመጣ ነው የሚፈልገው» አለችኝ። እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሌላ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰሞኑን ፀጉሯን የምታበጥረው በግራ እጇ ነው። ሻሿንም በግራዋ ታስራለች። ይህ ከመጽሐፉ ያገኘችው ልምምድ ነው? እሷን ብጠይቃት «አዎ» አለችኝ።

መልስህን እጠብቃለሁ። ሰላም ሁን።

ሸምሲያ


ፍራይቡርግ
ኅዳር 18 ቀን 1990 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ሸምሲያ፣

በመዘግየቴ ይቅር በይኝ፤ ቤት ስቀይር ደብዳቤሽ በአሮጌው አድራሻ ሄዶ ቆይቶ ነው የደረሰኝ። አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ለዝናሽ በመሸነፏ አትዘኑ። አጨዋወት ሲለወጥ መጀመሪያ መውደቅ ያለ ነው። እኔ ያስደሰተኝ ድምፅ አለው ያልሽኝ ሰርቪስ ነው። ለአሰልጣኙ ነገርኩትና ስሟን ጻፈ! የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ በሚደረገው የወጣቶች ውድድር ጥሩ ውጤት ታምጣ። እዚያ ለፍጻሜ ከደረሰች ጥሪው ያለ ጥርጥር ይላክላታል። እስከዚያ ያላትን ሁሉ ሰርቪሱ ላይ ታድርግ።

ከእኔ ጋር የምትኖርበትን ክፍል ቀለም ቀብቼዋለሁ። ሳቂብኝ።

ጃቢር


ጎንደር
ጥር 25 ቀን 1990 ዓ.ም.

ወንድሜ ጃቢር፣

እንኳን ለዒድ አደረሰህ። ስለ ክፍሉ ያልከውን ሳነብ አልሳቅሁም፤ አለቀስኩ እንጂ። አላህ ያክብርህ።

ስለ ግራ እጇ ጠይቄህ ነበር። ረስተኸው ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት ሱቅ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጣቃ አውርጂልኝ አልኳት። ቀኝ እጇ እስከ ደረቷ መጣና ቆመ። ፊቷ ተለወጠ።

«አሞሻል?»

«ደክሞኝ ነው።»

«ለአጎትሽ ልጽፍለት ነው።»

«እማዬ፣ በአላህ ይሁንብሽ! ከጻፍሽለት ስሜን ያወጣዋል።»

እንደዚያ ስትለምነኝ አይቻት አላውቅም። አያ አስማረን ብጠይቀው ለሱም ምንም አልነገረችውም። ታዲያ እኔ ምን ብዬ ልጻፍልህ? ትከሻዋን ትንሽ ያማታል። ትንሽ ነው። ምናልባት የድካም ይሆናል። ለትከሻ የሚሆን ቅባት ካለ ላክልኝ፤ ኳሱ ይቅርብን። እንደጻፍኩልህም አትንገራት።

ሸምሲያ


ፍራይቡርግ
መጋቢት 5 ቀን 1990 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣

ሰላም ለቤታችሁ። ቸኩዬ ነው የምጽፈው፤ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው በር ላይ ይጠብቀኛል። ስለ ትከሻዋ አትጨነቂ። ሰርቪስ የለወጠ ሁሉ ያመዋል፤ እዚህ ያሉትም ልጆች ያለቅሳሉ፣ ያልፍላቸዋል። ቅባቱን ልኬያለሁ። ጥቂት ቀን ትረፍና ትቀጥል። አሁን ከቆመች ግን የለፋችበት ሁሉ ይፈርሳል፤ ውድድሩ ደርሷል።

ውጤቱን ቶሎ ጻፉልኝ። ዱዓዬ ከሷ ጋር ነው።

ጃቢር


ጎንደር
ሚያዝያ 24 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጃቢር፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ስልክ ልደውልልህ ቴሌ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ተራዬ ሲደርስ ለሌላ ሰው ለቅቄ ተመለስኩ። በወረቀት ይሻላል። ሁሉንም እንዳየሁት እነግርሃለሁ።

አዲስ አበባ አብሬያት ሄድኩ። ለፍጻሜ ደረሰች። ያገኘቻት ዝናሽን ነው፤ ከጎንደር ተነሥተን አዲስ አበባ ድረስ ሄደን እነዚያው ሁለቱ ተገናኙ። ሰዉ ብዙ ነበር። ሃጂራ የመጀመሪያውን ዙር በሰርቪሷ ወሰደችው። ኳሷ ስትወርድ ሰዉ «ኧረ!» ይል ነበር። አንተ ብታያት ይህን ነው የምትፈልገው።

ሁለተኛው ዙር ላይ ኳሷን ወደ ላይ ወረወረችና ክንዷ አልተከተላትም። ኳሷ እራሷ ላይ ወደቀች። ሰዉ የተሳሳተች መሰለው። ደግማ ወረወረች፤ ያው ሆነ። ከዚያ ኳሷን ከታች፣ ለሕፃን እንደሚሰጥ አድርጋ ገፋ አደረገቻት። ያኔ ሳቁ። ዳኛው ከታች መጀመር የተፈቀደ መሆኑን ለሰዉ መናገር አስፈለገው። ዝናሽ እያንዳንዷን እየመታች ዙሩን ጠቀለለችው።

ቦታ ሲቀይሩ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ከንፈሯ ደርቋል፤ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛዋለች።

«ይብቃሽ ልጄ፣ እንሂድ።»

«እማዬ፣ ተይኝ» አለችኝ። «መጫወት የጀመርኩት አሁን ነው።»

እውነቷን ነበር፣ ጃቢር። ያቺ የጥንቷ ሃጂራ መጣች። ቀስ ያለችው፣ ከፍ ያለችው፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ የምታስቀምጠው። ዝናሽ ትሮጣለች፣ ትቆጣለች፣ ኳሷን ከመስመር ታወጣለች። ሳቁ ቆመ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ «ይህችን ልጅ ማነው ያስተማራት?» ብለው ጠየቁኝ፤ ማንን ልበላቸው? ሦስተኛው ዙር ላይ እኩል ለእኩል መጡ። አንድ እጇን ብቻ በግማሹ እያንቀሳቀሰች እኩል መጣች።

መጨረሻ ላይ ዝናሽ ወደ ኋላ ቆም አለችና አየቻት። ከዚያ በኋላ ጠንክራ አልመታችም። ኳሷን ከፍ አድርጋ በሃጂራ ቀኝ ትከሻ ላይ፣ ከራሷ በላይ አሳለፈችባት። ደግማ አሳለፈችባት። ሃጂራ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች፣ ከሥሩ ትደርሳለች፣ እጇ ግን አይነሣም። በዚሁ አለቀ።

ዝናሽ እያለቀሰች ወደ መረቡ መጣች። ሃጂራ ቀኝ እጇን ልትሰጣት ስትሞክር ዝናሽ ግራ እጇን ያዘችው።

ሐኪሙ የትከሻዋ ጅማት ተበጥሷል አለ። በአንድ ቀን የተበጠሰ አይደለም፤ ሲሳሳ ሲሳሳ የከረመ ነው አለ። ቢሰፋም ክንዷ እንደ ድሮው ከፍ አይልም። «ለምን ዝም አላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ዝም አላልኩም፣ ጃቢር። ትንሽ ነው አልኩ እንጂ።

ከእንግዲህ የምጠይቅህ ነገር የለም።

ሸምሲያ


ፍራይቡርግ
ሐምሌ 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

እትዬ ሸምሲያ፣

ሰላምታ እንኳ ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጀምሬ የቀደድኩትን ወረቀት ቁጥር አላውቀውም።

ስለ ግራ እጇ ጠይቀሽኝ ነበር። አንብቤዋለሁ። ሰርቪሱ ድምፅ አለው የሚለው ከላይ ተጽፎ ነበር፤ ዐይኔ እዚያው ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ልጆች ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ያምሃል?» ብዬ ነው። የወንድሜን ልጅ አልጠየቅኋትም። ሐኪም ፈልጌያለሁ፤ ቀዶ ሕክምናውን እዚህ ማሠራት እንችላለን። የሚያስፈልገውን ሁሉ እኔ እችላለሁ። እባክሽ እምቢ አትበይኝ።

አሁን ደግሞ ልጽፈው የሚያሳፍረኝን ነገር ልጻፍ። ለሃጂራ የተያዘው ቦታ ለሚመጣው ዓመት ክረምት ተላልፏል፤ ከአገራችን ሌላ ልጅ ካለች አቅርብ ብለውኛል። የማውቃት ሌላ ልጅ በአንቺ ደብዳቤ ውስጥ ያለችው ብቻ ነች። አሰልጣኙ ስለ ዝናሽ የሚያምነው ሰው አይቶ የጻፈው ግምገማ ይፈልጋል። አያ አስማረ ዐይኑ እየደከመ ነው ብለውኛል። ከአንቺ በቀር የማምነው ዐይን የለኝም። ይህን አንቺን መጠየቅ ግፍ እንደሆነ አውቃለሁ። ዝም ብትዪኝ እረዳለሁ።

ጃቢር


ጎንደር
መስከረም 29 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለጃቢር፣

እንዴት ከረምክ? አገሩ ሁሉ ስለ ጦርነቱ ነው የሚያወራው፤ ፖስታውም ዘግይቷል።

ደብዳቤህን አንብቤ ለሁለት ሳምንት ያህል መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ተቆጥቼ ነበር። ኋላ ሃጂራ አገኘችውና አነበበችው። «አንቺ አትጻፊ፤ አንቺ ስለ እኔ ስትይ ታዳያለሽ» አለችኝ። ተቀምጣ በግራ እጇ ጻፈችው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ይቅር በላት። ሕክምናውን በተመለከተ፣ የአዲስ አበባው ሐኪም ሰፍቶላታል። ፀጉሯን ማበጠር ችላለች። ጀርመን አልሄድም ብላለች፤ አላስገደድኳትም።

ሸምሲያ

ለተከበሩ አጎቴ ጃቢር፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ ዝናሽ የማውቀውን ልጻፍ።

በቀኝ በኩል የምትመታውን የሚችል በአገሩ የለም። በግራ በኩል ከፍ ያለ ኳስ ድሮ ያስቸግራት ነበር፤ አሁን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ እንዲወርድላት መጠበቅ ተምራለች። ይህን ያስተማራት ማንም አይደለም፤ በእኔ ስትሸነፍ ነው የተማረችው። ሁለተኛ ሰርቪሷ አጭር ነው። ስትቆጣ ትሳሳታለች፤ ግን ቁጣዋ ቶሎ ይበርዳል፣ ድሮ አይበርድም ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ትከሻዬ እንደማይነሣ ከሁሉ በፊት ያየችው እሷ ነች። አያ አስማረ አላየም፣ ዳኛው አላየም። እሷ አየችና ኳሱን ወደዚያው ላከችው። ሰው ጨካኝ ነች ብሏታል፤ አይደለችም። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ይህን ማየት የምትችል ልጅ ክንድ ብቻ አይደለችም። ይውሰዷት።

ጠንክረሽ ምቺ ብለው ግን አይንገሯት። እሱን ታውቃለች።

የወንድምዎ ልጅ፣ ሃጂራ አብዱልመናን


ፍራይቡርግ
ነሐሴ 11 ቀን 1991 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ሸምሲያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። በዓመቱ ውስጥ የላክኋቸው ደብዳቤዎች፣ መልስ ባትሰጫቸውም፣ እንደደረሱሽ ሰው ነግሮኛል። ባለመመለስሽ አልቀየምም። ይህን የምጽፈው መልስ ፈልጌ ሳይሆን የሆነውን ማወቅ ስላለብሽ ነው።

ዝናሽ በደህና ገብታለች። የሃጂራን ግምገማ ተርጉሜ ለአሰልጣኙ የሰጠሁት ጊዜ «ይህን የጻፈው አሰልጣኝ ለምን ራሱ አይመጣም?» ብሎ ጠየቀኝ። አሰልጣኝ አይደለችም፣ ያቺ ካሴት ላይ ያየሃት ልጅ ነች አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ከካሴቱ ጋር አስቀመጠው።

ዝናሽ እንደተጻፈላት ሆና ተገኘች። ለክረምቱ የመጡት ልጆች ሁሉ ፈሯት። እዚሁ እንድትቆይ ወስነዋል። ለአባቷ ድብ ባሕር ድረስ ጽፌያለሁ፤ ደብዳቤው አለመድረሱን ከሰማሽ አንቺ ንገሪልኝ።

ትናንት ልጆቹ ከሄዱ በኋላ አብሬያት ኳስ መታሁ። ስትደክም አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ብዙ አታወራም። ውሃዋን ጠጥታ ስትጨርስ፣

«አያ ጃቢር፣ እርስዎ ሃጂራ ስትጫወት አይተዋት ያውቃሉ?» አለችኝ።

«አይቻታለሁ፤ በካሴት።»

«ካሴቱ መቼ የተነሣ ነው?»

ነገርኳት።

«እሱንማ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን አጠገቧ ነበርኩ» አለች። «ያን ቀን ገና እየተማረች ነበር። እኔ የምልዎ አዲስ አበባ ነው። ሰርቪሷን ትታ፣ ክንዷ እምቢ ብሏት የተጫወተችውን።» ራኬቷን ወደ ቦርሳዋ ከተተች። «እሷን ካላዩ እንግዲያማ አላዩዋትም።»

ብቻዬን ሜዳው ላይ ቀረሁ። በሰው ልጅ ላይ ፍርድ ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይቀጥል፣ ይቅር እያልኩ። የገዛ ወንድሜን ልጅ ሳላያት ፈረድኩባት።

እትዬ፣ ለመስከረም ፈቃድ ወስጃለሁ። ከሄድኩ ወዲህ ጎንደርን አላየሁም፤ የምመጣው ግን ለጎንደር አይደለም። ለሃጂራ ምን እንደምላት አላውቅም፤ የምላት ነገር ያለኝም አይመስለኝም። መምጣቴን ብቻ ንገሪያት። አይምጣ ካለችም ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ፣ ጃቢር